ከጅዳ የመጣውና አዲስ አበባ ላይ የሚያስለው የብስክሌት ሞተር

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወንድምዎ ከጅዳ የላኩልዎት ባለ ሞተር ብስክሌት እዚያ ሳለ በሰላም ይሄድ እንደነበር፣ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን በቀላሉ ቢነሣም ጋዙን ከግማሽ በላይ ሲከፍቱት እንደሚያስል፣ እንደሚንገጫገጭ፣ ጭሱ እንደሚበዛና ፍጥነት አልጨምር እንደሚል ገልጸዋል። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ሁለት ጊዜ ለውጠዋል፤ አንድ ሰውም «ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅለውን ዘይት ቀንስ» ብሎ መክሮዎታል። ይህን ምክር ከመፈጸምዎ በፊት ግን የምጽፈውን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

እኔ ይህንኑ ዓይነት ሞተር ድሬዳዋ ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ነድቼዋለሁ። በ80 ሲሲ ስም ይሸጣል እንጂ የፒስተኑ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ 38 ሚሊ ሜትር በመሆኑ እውነተኛ መጠኑ 66 ሲሲ ገደማ ነው፤ ፒስተን ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሲገዙ በስሙ ሳይሆን በልኩ ይጠይቁ። ብስክሌቱን ወደ አዲስ አበባ ባመጣሁበት ሳምንት እርስዎ የገለጹት ሁሉ ደረሰብኝ። ካንዴላ ለወጥሁ፣ የእሳት መስጫውን ሳጥን ለወጥሁ፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈትቼ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀየርሁ፤ ሞተሩ ግን ያው ነበር። የተለወጠው አየሩ እንጂ ሞተሩ አለመሆኑን የተረዳሁት ብዙ ገንዘብና አንድ ወር ካባከንሁ በኋላ ነው።

ጅዳ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንንና አየርን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ጄት በሚባለው፣ ቤንዚን በሚለካው ትንሽ ብሎን ቀዳዳ በኩል የሚያሳልፈው ቤንዚን አየሩ በቀነሰው መጠን ስለማይቀንስ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ቤንዚን የበዛበት ይሆናል። እንዲህ ያለው ድብልቅ በእያንዳንዱ ዙር መቀጣጠል ያቅተውና አንዱን ዙር ዘሎ በሁለተኛው ይነዳል። በዚህ ጊዜ ባለ ሁለት ምቱ ሞተር እንደ ባለ አራት ምት ሞተር እየተቆራረጠ ይጮኻል፤ እርስዎ «ያስላል» ያሉት ድምፅ ይህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ቤንዚን ያነሰው ሞተርም ይንገጫገጫል፤ የሁለቱ መድኃኒት ደግሞ ተቃራኒ ነው። ቤንዚን በበዛበት ሞተር ላይ ጥቂት ቀን ቢቆዩ የሚጎዳው ካንዴላውና ኪስዎ ነው፤ ቤንዚን ባነሰው ሞተር ላይ ግን ጄት ቢያጠብቡ ፒስተኑ ግሎ ሊነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር) ወይም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። እኔ ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ፈተና ምንም ወጪ የለውም፦ መኪና በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ሞተሩ እያሳለ ሳለ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ። በካርቡሬተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ቤንዚን ዝቅ እያለ ሲሄድ ድብልቁ ይሳሳል። ከመጥፋቱ በፊት ለጥቂት ሰኮንዶች ድምፁ ጠርቶ፣ ጉልበት አግኝቶ ወደ ፊት ከሳበዎት፣ ችግሩ የቤንዚን መብዛት ነው፤ ድምፁ እንደ ጠራም ጋዙን መልሰው ሞተሩን ያጥፉት እንጂ በዚያ ሁኔታ አይንዱት። ምንም ሳይሻሻል ከሞተ፣ ወይም በሌላ ጊዜ ቾኩን (የአየሩን ማጥበቢያ) በትንሹ ሲስቡት ከተሻለው፣ ቤንዚን አንሶት ሊሆን ይችላል። ካንዴላውም ይመሰክራል፤ በሙሉ ጋዝ እየሄዱ ሞተሩን በማጥፊያው አጥፍተው ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይያዙና ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል፣ የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ደኅና ነው፣ ከነጣ አንሶታል።

አንሶታል የሚል ምልክት ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያለ ቦታው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ካርቡሬተሩ ድብልቁን ወደ ሲሊንደሩ በሚወስደው ቧንቧ ጫፍ ላይ ተሰክቶ በአንድ ብሎን ብቻ ይጠብቃል፤ የአንገቱ ስንጥቅ ከቧንቧው ጫፍ ካለፈ በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል። ጋዙን ዘግተውት ሞተሩ ቶሎ ዝቅ አልል ብሎ በከፍተኛ ዙር ከቆየ ይህን ያስቡ። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት) እየሠራ የሳሙና ውሃ በአንገቱ፣ በቧንቧውና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ ላይ ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳውን አግኝተዋል። እዚያ ምንም ከሌለ፣ በክራንኩ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ) ግራና ቀኝ ያሉት የዘይት ማገጃ ጎማዎች አርጅተው አየር እያስገቡ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመሥራት የያማሃ ዲቲ 125ን ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር በእጁ ያለፈ መካኒክ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ። ዘይትና ቤንዚን በአንድ ቀዳዳ አብረው ያልፋሉና ዘይቱ ሲቀንስ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን በጥቂቱ ይጨምራል። ስለዚህ ዘይት መቀነስ ቤንዚን የበዛበትን ሞተር ይባስ ያበዛበታል፤ በዚያ ላይ የክራንኩ ኩሽኔታና ፒስተኑ የሚለሰልሱት በዚህ ዘይት ብቻ በመሆኑ ጉዳቱ ድርብ ነው። እኔ በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት እጠቀማለሁ፤ ለመኪና የተሠራውን ዘይት አልጨምርበትም።

ፈተናው ቤንዚን መብዛቱን ካረጋገጠልዎት፣ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይጠቡ፤ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያደርግ ይችላል። ቀጥሎ በካርቡሬተሩ ውስጥ ከጋዙ ገመድ ጋር የተያያዘችውን መርፌ ያውጡና በላይዋ ያለችውን ትንሿን ቀለበት በአንድ እርከን ወደ ላይ ያውጧት፤ መርፌዋ ዝቅ ስለምትል በመካከለኛ ጋዝ ላይ ቤንዚኑ ይቀንሳል። በሙሉ ጋዝ ላይ የሚወስነው ግን ጄቱ ነው። የእኔ ላይ 70 (0.70 ሚሊ ሜትር ገደማ) የሚል ቁጥር ተቀርጾበት ነበር። ከእርሱ የጠበበ ስላላገኘሁ የሌላ ተመሳሳይ ጄት ቀዳዳ በብየዳ ቆርቆሮ ደፍኜ፣ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ በተዋስሁት 0.65 ሚሊ ሜትር ቀጭን መሰርሰሪያ በእጄ እያሽከረከርሁ በስሁት። በአንድ ጊዜ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ አያጥብቡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም ካንዴላውን ይዩ። እኔ ቡናማ ቀለም ሳይ አቆምሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ብቻ ሳይሆን ስወጣም ሞተሩ አንድ ወጥ ድምፅ ነው የሚያሰማኝ።

ሞተሩ ደኅና ሄዶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚደክም ቢሆን ኖሮ የታንኩን ክዳን መተንፈሻ እጠረጥር ነበር፤ እርስዎ የገለጹት ግን ያ አይደለም። የማጥፊያውን ሽቦ ለጊዜው ነቅሎ መሞከርና የካንዴላውን ክፍተት በ0.6 ሚሊ ሜትር ማስተካከልም አይጎዳም።

የመጀመሪያውን ጄት አይብሱት፤ ሌላ ገዝተው ወይም ለምነው በዚያ ላይ ይሥሩ። የእኔ የድሬዳዋው ጄት በጨርቅ ተጠቅልሎ በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ወደ ቆላ በወረድሁ ቁጥር ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት እርሱን እመልሳለሁ፤ ለአዲስ አበባ የጠበበው ጄት እዚያ ቤንዚን ያሳጣዋልና።