ሙሉ ሒሳብ

ሰሞኑን አንዲት አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ኃላፊ ለመሆን ስንት ዓመት ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከተቀጠረች ገና አራት ወሯ ነው። ቀን ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ የኮት ዋጋ አልከፍል ብሎት «ቅዳሜ ወርጄ እቀበለዋለሁ» ሲል ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቅዳሜ ለምን ይጠበቃል? ዐርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት ቀረሁና መሬት የሚጠርገውን የአባቴን ካፖርት ደረብሁ። ከምጣዱ ሥር ጥላሸት ፍቄም ሪዝ አበቀልሁ።

አውቶቡስ ላይ ረዳቱ «ግማሽ ክፈል፣ ልጅ ነህ» አለኝ።

«ማንን ነው ልጅ የምትለው? ሙሉ ነው የምከፍለው!» አልሁና ያለኝን ሁሉ ቆጠርሁለት። በዕድሜዬ የሠራሁት የመጀመሪያው የሒሳብ ጉድለት ያ ነው።

ደሴን ስለቅ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ካፖርቱ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ሪዜ በላብ አገጬ ላይ ደረሰ። ባለ ዕዳው ሳቁን አፍኖ «ይግቡ ጌታዬ» አለኝ። ሻይ በዳቦ ጋበዘኝ። ገንዘቡን ግን አልሰጠኝም፤ ለመመለሻ ብቻ ጥቂት ሳንቲም አስያዘኝ።

ማታም ያው ረዳት ነው። «ግማሽ ነው የምከፍለው፤ ልጅ ነኝ» አልሁት።

«ጠዋት ያወረድኋቸው ሰውዬስ የት ቀሩ?»

አባቴ አልመታኝም። ሳምንት ሙሉ «አንቱ» እያለ ጠራኝ፤ «ጌታው፣ እራት ይቅረቡ እንጂ!» እኔ ደግሞ የምር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ይዞኝ ሊወርድ አስቦ አዲስ ሸሚዝ ሰፍቶልኝ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ብቻውን ወረደ። ኮምቦልቻን አብረን አላየናትም።

«ትጉ፣ ታማኝ ሁኑ» የሚለውን ከሌላ ስለምትሰሙ እኔ አልደግመውም። የዛሬ ልጆች ግን የወሩን ሒሳብ ሳትዘጉ ማዕረጉን ስልካችሁ ላይ ትጽፋላችሁ። አትቸኩሉ። እኔ ራሴ በ27 ዓመቴ ለኃላፊነት አመልክቼ ማግኘቴን መደበቅ አልችልም፤ አልተጸጸትሁበትምም።

ልጅቷን «አምስት ዓመት» አልኋት፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ካፖርቱ እኔ ጋ ነው። ዛሬ ልኬ ሆኗል፤ የምኖረው ግን ኮምቦልቻ ነው፣ በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል?