መልስ፦ ጂ ሻርፕ እምቢ ላለው ሳክስፎን

ወንድሜ፣ «ጂ ሻርፕ ስጫን ድምፁ አይወጣም፣ ሳክስፎኔ ተበላሸ ወይ?» ላልከው፣ ፓዱ (ቀዳዳውን የሚዘጋው በቆዳ የተለበጠ ክዳን) ተጣብቆብህ ይሆናል። ይህን የጂ ሻርፕ ኖታ ቁልፍ ስትጫን ፓዱን ከቀዳዳው የሚያነሳው ጣትህ ሳይሆን አንዲት ደካማ ስፕሪንግ ናት፤ ምራቅ ወይ የለስላሳ ስኳር ከደረቀበት አቅም ታጣለች። እኔንም እዚሁ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር፣ ሰርግ ላይ ጉድ ሠርታኛለች።

ስስ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት በትንሽ ውሃ አርጥበህ ከፓዱ ሥር አስገባ፣ ቀስ ብለህ ዝጋው፣ ከፍተህ አውጣው። እንደተዘጋ አትጎትት፣ ቆዳው ይቀደዳል። ፓውደር የሚነሰንሱ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ከእርጥበቱ ጋር ይቦካል።

ነፍተህ ስትጨርስ ሪዱን (ስትነፋ የሚርገበገበውን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) አውልቅ፣ ውስጡን በጨርቅ ጥረግ። ማውዝፒሱን (አፍህ ውስጥ የምታስገባውን ጫፍ) ግን በሙቅ ውሃ እንዳታጥብ፤ ኢቦናይት (ጠንካራ ጎማ) ከሆነ ቀለሙ ይለወጣል፣ ለብ ያለ ይበቃል። አሁንም ከተጣበቀ ስፕሪንጓን ባለሙያ ይይልህ።