ሳይዘንብ የሚረጥብ ድንኳንና ምጣድ የማይችል አርቪ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ባለፈው ታኅሣሥ ሰሜን ተራሮች ወጥተን ግጭ ላይ ሁለት ሌሊት አደርን። አንዲት ጠብታ ሳይዘንብ ጠዋት ስንነሣ የድንኳኑ ግድግዳ በውስጥ በኩል ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ስሊፒንግ ባጋችንም እግርጌው ረጥቧል። ብርድ ልብስ ደራርበንም ከጀርባችን የሚመጣው ብርድ አላስተኛንም። ዘንድሮ ድንኳን እንቀይር ወይስ ትንሽ የከሰል ማንደጃ ይዘን እንግባ?
ከጎንደር

መልስ፦ ከከሰሉ እንጀምር፤ ድንኳን ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡ። ጭሱ ያለቀ፣ የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በሩን ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም፤ አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው። ግጭ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የከፍታ ሕመም ምልክቶችም ናቸውና፣ በጋዙ የተመረዘ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። እሳት በነበረበት ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ፣ ሌላ ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት።

ድንኳናችሁን አትቀይሩ። ያያችሁት ውኃ ከራሳችሁ ትንፋሽና ላብ የመጣ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት እስከ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ እርጥበት ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ እርጥበቱ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ሲነካ ጤዛ፣ ሲብስም አመዳይ ይሆናል። ብርድ ፈርቶ ዚፑን ሁሉ መዝጋት ችግሩን ያባብሰዋል። በሩን ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ክፈቱ፤ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ባለው ጎን ቢሆን ይመረጣል። የላይኛው ሽፋን ላይ የአየር መውጫ ካለ እሱንም ክፈቱት። ሽፋኑን በገመድና በካስማ ወጥሩት፤ ረግቦ የውስጡን ጨርቅ ከነካ ውኃው ወደ ውስጥ ያልፋል። ካስማውን አናቱ ከድንኳኑ ራቅ እንዲል አጋድማችሁ ትከሉ። አፈሩ ስስ ሆኖ ድንጋይ ካጋጠማችሁ ገመዱን ከአጭር እንጨት ጋር አስራችሁ በላዩ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። እርጥብ ካልሲና ጫማ ከውስጥ አታድርቁ። እግርጌያችሁም ግድግዳውን እንዳይነካ ትንሽ ወደ መሃል ሳቡት። ጠዋት አመዳዩ ሳይቀልጥ በጨርቅ አራግፉት፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን ሁሉም በላያችሁ ይዘንባል።

የጀርባው ብርድ ምክንያት ሌላ ነው። ሙቀት የሚይዘው በብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ከሥራችሁ ያለው ክፍል በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ ከላይ አሥር ብትደርቡም መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጥጠዋል። የቤት ስፖንጅ ደግሞ ይጨፈለቃል፣ እርጥበትም ይመጥጣል። የካምፕ ፍራሽ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «አር» ከሚል ፊደል ጋር የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ለዚህ ዓይነት ብርድ ከ4 እስከ 5 ያስፈልጋል። ቁጥሩ ይደመራል፤ 2 የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ ከሥር፣ 3 የሆነ በአየር የሚነፋ ከላይ ቢነጠፍ 5 ይሆናል። ካላችሁ ብርድ ልብሶች ግማሹን ከሥራችሁ ብታነጥፉ ዛሬውኑ ለውጥ ታያላችሁ። መሬቱን ለማለስለስ ብላችሁ ግን የጓሳ ሣር እንዳታጭዱ፤ የአስታ ቁጥቋጦም እንዳትሰብሩ። ፓርኩ የእነሱ መኖሪያ ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት ሙቅ ውኃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ሃይላንድ ግን አይሆንም፤ በፈላ ውኃ ተኮማትሮ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ ባሌ ተራሮች ሳነቴ ላይ ትንሿ የጋዝ ምድጃችን ጠዋት ጠዋት እሳቷ ይደክማል፤ ቆርቆሮው ግን ሲነቀነቅ ጋዝ አለው። ምስሩም አልበስል አለን። ምን እናድርግ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ተራ ቡቴን ሳይሆን አይቀርም። ቡቴን ከዜሮ በታች ሲሆን ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል ማለት ይቻላል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ። ማታ ቆርቆሮውን ከምድጃው ፈትታችሁ ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ስታበስሉ ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አቁሙት። ቆርቆሮው ከምድጃው ሥር የሚገጠም ከሆነ ነፋስ መከላከያ ዙሪያውን አትጠቅልሉበት፤ ከልክ በላይ ሞቆ ሊፈነዳ ይችላል። በአውሮፕላን ወደ ጎባ ወይም ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነም ቆርቆሮው በእጅም በሻንጣም እንደማይፈቀድ ዕወቁ።

ምስሩ ያልበሰለው በጋዙ ብቻ አይደለም። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ድፍን ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ቤት ተዉ። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮና ድርቆሽ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ ጋር አርቪ (መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው መኪና) ተከራይተን ነበር። እንጀራ ለመጋገር የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። በዚያ ላይ በሦስተኛው ቀን ከመጸዳጃው ከባድ ሽታ መጣ።
ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አርቪያችሁ የ30 አምፕ ከሆነ በ120 ቮልት ጠቅላላ አቅሙ 3,600 ዋት ነው። አየር ማቀዝቀዣው 13 አምፕ አካባቢ፣ የውኃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ 12 አምፕ ገደማ፣ 1,500 ዋት የሆነ ምጣድ ደግሞ 12 ተኩል አምፕ ይወስዳል። ድምሩ ከ37 ያልፋል። ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት፤ ማይክሮዌቭም በዚያ ሰዓት አትክፈቱ። ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ብሬከር 15 አምፕ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ዕቃ ቀርቶ የቡና ማፍያ እንኳ ከጨመራችሁበት ይወርዳል።

የተሻለው ከውጭ መጋገር ነው። ካምፑ ላይ አርቪውን የምትሰኩበት ምሰሶ ብዙ ጊዜ ከ30 አምፑ አጠገብ የራሱ ብሬከር ያለው የ20 አምፕ ሶኬት አለው። ለውጭ የተሠራ፣ 12 ጌጅ የሆነ ወፍራም ገመድ ተጠቀሙ፤ ቀጭኑ ይግላል። ገመዱን ተጠቅልሎ እንዳለ አትተዉት፤ ዘርጉት። በዝናብ ግን አትጋግሩ። ሊጡን ስትወስዱ ባልዲውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት፤ በሙቀትና በመንገዱ መናጥ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ይገፈትረዋል።

ሽታው ምናልባት የመጸዳጃውን ታንክ፣ ማለትም የብላክ ታንኩን መዝጊያ ክፍት አድርጋችሁ በመሰንበታችሁ የመጣ ነው። እንዲህ ሲሆን ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ተከምሮ ይቀራል። መዝጊያውን ዝጉ፤ ታንኩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ብቻ ክፈቱት። መጀመሪያ ብላክ ታንኩን፣ ቀጥሎ የገላና የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ታንክ ባዶ አድርጉ፤ የኋለኛው የሳሙና ውኃ ቱቦውን ያጥበዋል። ከዚያ መዝጊያውን ዘግታችሁ በመጸዳጃው በኩል ከ10 እስከ 15 ሊትር ንጹሕ ውኃ ጨምሩና የታንኩን ሽታ ማጥፊያ መድኃኒት አድርጉ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ጓንት አድርጉ፤ ታንክ የምታጥቡበትን ቱቦም ከመጠጥ ውኃ ቱቦ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡ።