ባሌ ላልተማረበት ኮሌጅ ያለቅሳል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ የቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ ነው። እዚያ አልተማረም። የሚማር ዘመድም የለውም። ድሮ ታክሲ ሲነዳ ከሚያሳፍራቸው ተማሪዎች ነው የተጋባበት። ቡድኑ ከተሸነፈ እራት አይበላም፣ ልጆቹን አያናግርም። በቀደም እንባውን ሲጠርግ አየሁት። እነዚህ እኮ ተማሪዎች ናቸው! ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሃያ ዓመት ልጆች ጨዋታ እንዲህ ይሆናል? ምን ላድርገው?
ግራ የገባት ሚስት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዳኛሽ ገለልተኛ አይደለም። እኔም የዚሁ ቡድን ደጋፊ ነኝ። የእኔስ ሰበብ አለው፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ሻርለትስቪል ተምራለች፣ የመጀመሪያውን ማሊያ የገዛችልኝም እሷ ናት። እሷ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ቡድኑን ረሳችው። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ባልሽን የሚያስለቅሰው ምን እንደሆነ እንዲገባሽ ማርች 16 ቀን 2018 ምን እንደተፈጠረ ማወቅ አለብሽ። በየዓመቱ በማርች ወር 68 ኮሌጆች ጥሎ ማለፍ ውስጥ ይገባሉ። አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። አራቱ በመክፈቻው ግጥሚያ ይወድቁና 64 ይቀራሉ። በአራት ምድብ ተከፍለው ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል። አንደኛ የተባለው መጀመሪያ የሚገጥመው አሥራ ስድስተኛውን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በወንዶቹ ውድድር አንደኞቹ 135 ጊዜ ገጥመው 135ቱንም አሸንፈዋል። ቨርጂኒያ ደግሞ 31 አሸንፎ፣ 2 ብቻ ተሸንፎ፣ ከሁሉም ቡድኖች ቁንጮ ተብሎ ነው የገባው። የደረሰው ባልቲሞር አጠገብ ካለው፣ ዩኤምቢሲ ከሚባለው ኮሌጅ ጋር ነው። የደረሰን ቀን ሳቅን።

ዓርብ ማታ ነበር፣ ሁዳዴ። (ይህ ውድድር አይለቅም፣ ሁዳዴን ጠብቆ ነው የሚመጣው።) አሌክሳንድሪያ አንድ የሐበሻ ካፌ ተሰብስበናል። ከመካከላችን አንዱ ልጁ ዩኤምቢሲ ስለሚማር ብቻውን በዚያ በኩል ሆነ። ስናሾፍበት አመሸን። ለእረፍት ሲወጡ 21 ለ 21። እሱ ዝም፣ እኛም ዝም። ከእረፍት መልስ የዩኤምቢሲ ልጆች ከየትም እየወረወሩ አስቆጠሩብን። 74 ለ 54። በሃያ ነጥብ! የእኛው ተጫዋች ዲአንድሬ ሃንተር እጁ ተሰብሮ አልተሰለፈም ነበር፤ ይህን ሰበብ ዛሬም ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ጓደኛችን ግን ጨዋ ሰው ነው። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሁላችንንም ሂሳብ ከፍሎ ወጣ። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

በዓመቱ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ከፐርዱ ኮሌጅ ጋር ገጥመን ልንወድቅ ጥቂት ሰከንድ ቀርቶናል። ኳሷ ወደኛው ሜዳ ተመልሳ ተንከባለለች። ኪሄ ክላርክ የሚባል አጭር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሮጦ ደረሰባትና አርቆ ወረወራት። ማማዲ ዲያኪቴ፣ ከኮናክሪ፣ ጊኒ የመጣ ልጅ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ አስቆጠረ። በተጨማሪ ሰዓት አለፍን። ቀጥሎ ከኦበርን ጋር በሁለት ነጥብ እየተመራን 0.6 ሰከንድ ሲቀር ካይል ጋይ ላይ ጥፋት ተሠራ። ሦስት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው፣ ሦስቱንም አስገባ። 63 ለ 62። እኔ ሁለተኛዋን በጣቶቼ መሃል ነው ያየኋት፤ ሦስተኛዋን ከጩኸቱ ነው ያወቅኋት። ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ላይ ቴክሳስ ቴክን፣ አሁንም በተጨማሪ ሰዓት፣ 85 ለ 77። ለወንዶቹ የቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያው የአገር ዋንጫ ነው። ጾም ስለነበር በሽሮ አከበርነው።

አሁን ወደ ባልሽ እንባ እንምጣ። ያ ክላርክ የተባለው ልጅ አምስተኛ ዓመቱ ላይ በ2023 ከፉርማን ጋር ሲጫወት እየመራን ነበር፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተዋል። ሁለት ተጫዋቾች ጥግ ላይ ያዙት። ጨንቆት ኳሷን ወደ ላይ ወረወራት። ለነሱ ደረሰች፣ ሦስት ነጥብ አስቆጠሩባት፣ 68 ለ 67 ወጣን። ያዳነን ልጅና ያወጣን ልጅ አንድ ነው። ማን ይቆጣዋል? ገና ጢም ሳያበቅል አውቀነዋል፤ አድጎ ሲሰናበትም አየነው። «ተማሪዎች እኮ ናቸው» ብለሻል። እኔም የምለው እሱኑ ነው። ባልሽ ለአርሴናል አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤም አትጽፊልኝም ነበር፤ አገር የለመደው ነውና።

ምን ላድርገው ላልሽው፣ «ጨዋታ ብቻ ነው» አትበይው። እራቱን ከጨዋታው በፊት አብዪው። ከተሸነፈ ቆሻሻ እንዲያወጣ ላኪው፤ አየር ይቀበላል። ልጆቹን ማኩረፉን ግን እኔም አልደግፈውም። የዚያን ማታ መጽሐፍ የሚያነብላቸው እሱ ይሁን፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም።

አንድ ነገር ግን በደንብ አጣሪ። ቤቲንግ ውስጥ አለ? በቨርጂኒያ ግዛት ከ2021 ጀምሮ በስልክ ማስያዝ ይቻላል። በግዛቷ ኮሌጆች ላይ ማስያዝ ግን በሕግ ክልክል ነው። በሌሎቹ ላይ ግን በሩ ክፍት ነው። የባንክ ሒሳባችሁን አብራችሁ እዩት። ገንዘብ እየጎደለ ከሆነ ነገሩ የኳስ ፍቅር አይደለም፤ ያኔ እኔን ሳይሆን የቁማር ሱስ የሚያክሙ ባለሙያዎችን አማክሩ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች ይከፈላቸዋል? በየዓመቱ ከለቀቁስ ደጋፊው የሚደግፈው ማንን ነው?

መልስ፦ እስከ 2021 ስኮላርሺፕ እንጂ በስማቸው ገቢ ማግኘት አይችሉም ነበር። ከዚያ ዓመት ጁላይ ጀምሮ ማስታወቂያ እየሠሩ ይበላሉ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ልጆቹ ይገባቸዋል፤ አዳራሹ የሚሞላው በነሱ ነው። ያስከፋኝ ዝውውሩ ነው። ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ወዲያው ይሰለፋል። ስማቸውን ሳንለምድ ይሄዳሉ። ዋንጫውን ያመጣልን አሰልጣኝ ቶኒ ቤኔትም በኦክቶበር 2024፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለዚህ አዲስ አሠራር የምሆን ሰው አይደለሁም በሚል ስሜት ተሰናበተ።

ማንን እንደግፋለን? በማርች 2025 የተሾመልን አሰልጣኝ ራያን ኦዶም ነው። በ2018 ዩኤምቢሲን ይዞ 74 ለ 54 የሸኘን እሱ ነው! አባቱ ድሮ ሻርለትስቪል ረዳት አሰልጣኝ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ለቡድኑ ኳስ ሲያቀብል ነው ያደገው። ያን ማታ የረገምኩትን ሰው አሁን እመርቀዋለሁ። ምን ይደረግ!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም እንደርስዎ የቨርጂኒያ ደጋፊ ነኝ። ልጄ ግን ቨርጂኒያ ቴክ ገባች። የቴክን ማሊያ ልበስላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባላንጣችን ቴክ በአሜሪካ ፉትቦል ከ2004 እስከ 2018 ድረስ 15 ጊዜ በተከታታይ እንዳሸነፈን አትርሳ። በ2019 ነው 39 ለ 30 የተገላገልነው። የትምህርት ክፍያዋን በሰዓቱ ክፈል። ትምህርት ቤቷ ወዳለበት ብላክስበርግ ድረስ ነድተህ እንጀራና በርበሬ አድርስላት። ስትመረቅ አጨብጭብ፣ እልልም በል። ማሊያውን እናቷ ትልበስላት።