ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ፤ ስለ ሥራ ለማሰብ ገና ነው?

ሰላም እህቴ። ሐዋሳ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ውጤቴ 2.9 ነው፣ ጓደኞቼ «መጀመሪያ ተመረቂ፣ ሥራው ከዚያ ይደርሳል» ይሉኛል ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን ገና ነው አልልሽም። እንዲያውም የሚመጣው ክረምት በከንቱ እንዳያልፍብሽ ነው የምፈልገው።

ለምን መሰለሽ? አራተኛ ዓመት ላይ ጊዜ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ትምህርቱን ብትጨርሺም ዲግሪው አይሰጥሽም። በዚያ ሁሉ መሃል ልምድ ፍለጋ የሚሯሯጡ ልጆች ሳይ አንጀቴን ይበሉታል።

ስለዚህ ክረምቱን ቢሮ ገብተሽ እንድትለማመጂ ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ባንክ ባንክ ብቻ አትበዪ፣ ሁሉም የሚሰለፈው እዚያ ነው። የነጋዴውን መዝገብ የሚይዙ ትንንሽ የሂሳብ ቢሮዎች በየከተማው አሉ። ሱቅ ያለው ዘመድ ካለሽም እሱ ጋ ሂጂ። ደመወዝ ላይከፍሉሽ ይችላሉ፤ የትራንስፖርት ግን ሳታፍሪ ጠይቂ።

እዚያ ደረሰኝ በየቀኑ ትለያለሽ። የግዢውንና የሽያጩን 15 ከመቶ ቫት ለየብቻ ደምረሽ፣ ተቀናንሶ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ታያለሽ። የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ታመሳክሪያለሽ። አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ላይ ለአንዲት ልጅ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ሰጠናትና «ልዩነቱ ከየት መጣ?» አልናት። እስክሪብቶዋን ይዛ መስመር በመስመር ወረደችና «ይሄ ቼክ ተጽፏል፣ ሰውየው ግን ገና አልመነዘረውም» አለች። በውጤት የሚበልጧት ሁለት ልጆች የማመሳከርን ትርጉም አሳምረው ነግረውን ነበር፣ ቼኩን ግን አላገኙትም። ለካስ የአጎቷን ሱቅ ሂሳብ ሁለት ክረምት ይዛለች።

ውጤትሽ አያስደነግጥም። ግን አትተዪው፤ አንዳንዱ ቀጣሪ ማስታወቂያው ላይ 3.00 ብሎ ይቆርጥና ከዚያ በታች ያለውን ሲቪ አያየውም። አንድ ሁለት ሴሚስተር ጠንክረሽ ከያዝሽ ትሻገሪዋለሽ።

ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ልማር ወይ ላልሽው፣ አዎ ተማሪ፣ ኤክሴል ግን ይቅደም። ቢሮው የፈለገውን ሶፍትዌር ቢጠቀም ኤክሴል አይቀርም።

ደብዳቤውን ግን ፈተና ሳይጀመር ያዢ። ፈተና ካለቀ በኋላ መምህሩም ፈራሚውም በየፊናው ስለሚሄድ፣ አንድ ማኅተም ፍለጋ ሁለት ሳምንት ትመላለሻለሽ።