ፖሊግራፍ በወንድና በሴት ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በፖሊግራፍ (የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ አተነፋፈስንና ላብን እየለካ ውሸትን ለማወቅ በሚሞከርበት መሣሪያ) ምርመራ የወንድና የሴት ሰውነት የተለያየ ምላሽ ይሰጣል?

መልስ፦ በአማካይ አዎ። የሴቶች ልብ በእረፍት ጊዜ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ከማረጥ በፊት የደም ግፊታቸው ከወንዶች ዝቅ ያለ ነው፤ ወንዶች ደግሞ ይበልጥ ያልባቸዋል። ሆኖም መርማሪው ሴትን ከወንድ ጋር አያወዳድርም፤ «የጠፋውን ገንዘብ ወስደሻል?» ሲባል የታየውን ምላሽ «የሚያምንሽን ሰው ዋሽተሽ ታውቂያለሽ?» ሲባል ከዚያችው ሴት ከታየው ጋር ያስተያያል። መሣሪያው የሚለካው መረበሽን እንጂ ውሸትን አይደለም።

ጥያቄ፦ የወር አበባ ዑደት ውጤቱን ያዛባል?

መልስ፦ እንቁላል ከወጣች በኋላ የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚጨምር ማላብ የሚጀምርበት የሙቀት ደረጃም ከፍ ይላል። ይህ ሊያሳስብ የሚችለው በተለያዩ ሳምንታት የተደረጉ ምርመራዎችን ለሚያነጻጽር ሰው ነው።

አባል፦ ሴቶች በደረት፣ ወንዶች በሆድ ስለሚተነፍሱ ልዩነቱ ዋናው እሱ ነው።

ሌላ አባል፦ አቀማመጥና ልብስም አተነፋፈስን ይለውጣሉ፤ ሁሉንም በጾታ ማሳበብ ተገቢ አይደለም።

መልስ፦ አንዱ አተነፋፈስን የሚለካ ቱቦ በደረት፣ ሌላው በሆድ ላይ የሚታሰረው ለዚሁ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሴት ስትዋሽ አይታወቅባትም ማለት ነው?

መልስ፦ አልወጣኝም። መረበሽን እንጂ ውሸትን አይለካም ብያለሁ፤ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይቀበሉታል?

መልስ፦ ሕግ ሙያዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ በዊልያም ማርስተን ውሸትን በደም ግፊት የመለየት ፈተና ላይ የተመሠረተ ማስረጃን ውድቅ አድርጓል።

ጥያቄ፦ የተደፈረች ሴት እውነቷን መሆኑን ለማረጋገጥ ብትመረመርስ?

መልስ፦ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። ክንዷ በሚነፋ ጨርቅ ተጠፍሮ፣ ጣቶቿ ላይ ብረት ታስሮ፣ ስለዚያች ሌሊት ስትጠየቅ እውነት የምትናገረዋ ሴት ራሷ በፍርሃት፣ በኀፍረትና በቁጣ ትናወጣለች። ስለ ተራ ውሸት የሚቀርብላት የማነጻጸሪያ ጥያቄ ከዚህ ጋር ፈጽሞ ስለማይመጣጠን፣ መሣሪያው የሚስለው ሥዕል ሐቀኛዋን ሐሰተኛ ሊያስመስላት ይችላል። መደፈር የደረሰበት ወንድም ከዚህ አያመልጥም። የአሜሪካ ኮንግረስ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያድስ፣ በዚህ ሕግ የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ የሚፈልጉ ክፍለ ግዛቶች ፖሊሶቻቸው ለምርመራው መቀጠል ቅድመ ሁኔታ አድርገው ተጎጂዋን ለፖሊግራፍ እንዳይጠይቁ ግዴታ አስገብቷል።