ኮሪደር ይካፈሉታል ወይስ ይጋሩታል?

ጥያቄ፦ «የመንገድ ዲዛይን መሃንዲስ ነኝ። ለባልደረቦቼ በአማርኛ አጭር የሥራ መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ሲቪል ስሪዲ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ በአንድ ድሮዊንግ (የሥዕል ፋይል) የሠራነውን ኮሪደር፣ ማለትም የመንገዱን ሞዴል፣ ሌሎች ድሮዊንጎች እንዲያገኙት እናደርጋለን። ይህን ‹ኮሪደር ማጋራት› አልኩት። አለቃዬ ‹ማጋራት የፌስቡክ አማርኛ ነው፣ ማካፈል በል› አለኝ። ኮሪደሩ የት እንዳለ ለሌሎቹ ድሮዊንጎች የምትናገረውን ትንሽ ፋይል፣ ‹ዳታ ሾርትከት›ንስ፣ ‹የመረጃ አቋራጭ› ልበላት?»

መልስ፦ አለቃዎ ተሳስተዋል። ይህን የምለው ደስ እያለኝ ነው። «ማጋራት»ን እንደ ትናንት ልጅ የሚያዩ ሰዎች ከሰለቹኝ ቆይተዋል።

«አካፈለ» የ«ከፈለ» ልጅ ነው። በግእዙም በአማርኛውም ከፈለ ማለት ለየ፣ ቆረሰ ነው። ክፍል፣ ክፍልፋይ፣ ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ዘመን፣ ሁሉም ከአንድ ሙሉ ነገር የተቆረሱ ናቸው። ያካፈለ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ያነሰ ነው። የእርስዎ ኮሪደር ግን አሥር ድሮዊንግ ቢጠቀምበት ከምንጩ አንድ ሜትር አይጎድልም።

«ተጋራ» ሌላ ነው። ከ«የጋራ»፣ ከ«በጋራ»፣ ከ«ጋር» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። (ተራራ የሚባለው «ጋራ» ከዚህ ቤት አይደለም፤ እሱ ከኦሮምኛው ጋራ ጋር ነው የሚገጥመው።) ሁለት አገሮች ወሰን ይጋራሉ እንላለን። ወሰኑን እኩል ቆርሰው ወደየቤታቸው አልወሰዱትም። አንድ ወሰን ነው፣ ሁለቱም የእኔ ይሉታል። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶችም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ፌስቡክ ሳይታሰብ የነበረ አማርኛ ነው።

«አጋራ» ደግሞ በአምስቱ የግስ አዕማድ ውስጥ አደራራጊው ነው። ተጋባ ብሎ አጋባ፣ ተጣላ ብሎ አጣላ እንደሚለው፣ ተጋራ ብሎ አጋራ ይላል። ሲነበብ «ጋ» ይጠብቃል። ፊደላችን ስለማያሳየው አንዳንዱ አላልቶ ያነበዋል፤ ጆሮዬን ያመኛል።

አንድ መሃንዲስ ወዳጄ ነገሩን በስክሪን አሳይቶኛል። በአንዱ ድሮዊንግ ኮሪደሩ ተሠርቷል። በሌላው ያው ኮሪደር ይታያል፤ ግን እዚያ ቅርጹን መነካካት አይቻልም። የአሣሣሉን ስታይል ብቻ ነው የሚቀይሩት። ወዳጄ ወደ ምንጩ ተመለሰና የመንገዱን ትከሻ ከ1.5 ወደ 2 ሜትር አሰፋ። ኮሪደሩን ሪቢልድ አደረገ (በአዲሱ ልክ እንደገና አስገነባው)፣ ሴቭ አለ። ሁለተኛው ድሮዊንግ ላይ «ያለህ አሮጌው ነው» የሚል ምልክት መጣ። ሲንክሮናይዝ (ከምንጩ ጋር አስተካክል) ሲለው ትከሻው እዚያም ሰፋ።

ይህን ምን እንበለው? «አዋሰ» አይሆንም፤ ያዋሱት ነገር እስኪመለስ ከእጅ ይወጣል። «ቀዳ» ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው። ኮፒ ፔስት ቢያደርጉት ሁለት ኮሪደር ይኖርዎታል። አንዱን ሲያርሙ ሌላው ዝም ብሎ ይዋሻል። ሰዎቹ ይህን ዘዴ ያበጁት ከዚያ ጣጣ ለመሸሽ ነው። አንድ ኮሪደር፣ ብዙ ተጠቃሚ። ከ«ማጋራት» የተሻለ ቃል ካለ ያምጡልኝ።

የማካፈል ወገን አንድ ጥሩ መከራከሪያ አለው፣ አልደብቅም። «ደስታዬን ተካፈለ» ስንል ደስታው አልተቆረሰም ይላሉ። «በስብሰባው ተካፈለ» ስንልም ስብሰባው አልጎደለም። እውነት ነው። ኀዘን ሲካፈሉት ይቀላል ብዬ አንዷን ላመልጥ እችላለሁ፤ ለስብሰባው ግን መልስ የለኝም። ቢሆንም «ኮሪደር አካፈልኩ» ሲሉኝ መጋዝ የያዘ ሰው ነው የሚታየኝ።

እነዚሁ ሰዎች «ኮሪደር»ንም «መተላለፊያ» በሉት ይላሉ። ለቤት ይሁን። በሶፍትዌሩ ግን ኮሪደር የሚባለው መተላለፊያው ብቻ አይደለም። አስፋልቱ፣ ትከሻው፣ ቦዩ፣ የአፈሩ ቆረጣና ሙሌት አንድ ላይ የቆሙበት ሞዴል ነው። በቦይ ማን ይተላለፋል? ቃሉ ራሱ የመጣው ሮጠ ከሚለው የላቲን ግስ ነው። በጣሊያንኛ መሮጫ ቦታ ማለት ነበር፤ በምሽግ ዙሪያ ያለ መተላለፊያም ተብሎበታል። ኮርስ፣ ኩሪየር፣ ካሪኩለም የዚያው ግስ ዘሮች ናቸው። ከርሰርም እንዲሁ፤ ትርጉሙ ሯጭ ነው። ኮሪደሩን በከርሰር ሲነኩት ዘመድ ዘመዱን እየነካ ነው። ይህ ለመመሪያዎ አይጠቅምም፣ እኔን ግን ደስ ይለኛል።

«የመረጃ አቋራጭ»ን ይተዉት። አቋራጭ መንገድ አለ፣ አውቃለሁ። ግን «አቋረጠ» ሌላም ፊት አለው። ስልክ ይቋረጣል፣ ትምህርት ይቋረጣል። «የመረጃ አቋራጭ» ሲባል መረጃ እንዳይደርስ የሚያደርግ ሰው ይመስላል። ነገሩም አቋራጭ አይደለም። ያቺ ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ኮሪደሩን አልያዘችም። ኮሪደሩ የትኛው ድሮዊንግ ውስጥ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ነው የምትናገረው። ለዚህ ነው ምንጩን ስሙን ሲቀይሩት ወይም ቦታ ሲያዛውሩት ግንኙነቱ የሚበጠሰው። («ተሰበረ» አይበሉ፤ የሚሰበር ሸክላ ነው፣ ግንኙነት ይበጠሳል።) እኔ ብሆን «ጠቋሚ» እላት ነበር። ግን ቢሮው ሁሉ ሾርትከት እያለ እርስዎ ጠቋሚ ቢሉ ማንም አይረዳዎትም። ሾርትከት ይበሉ፣ አልወደውም፣ ይበሉ።

አንድ የማልወደው ነገር ይቀራል። በድሮው አማርኛ የሚጋራው ሰው ራሱ ተሳቢ ነው፤ «ሐሳቤን አጋራኋችሁ» እንላለን። አሁን ግን «ለእናንተ አጋራሁላችሁ» መጥቷል። ይህን «ለ» ስዋጋው ኖሬያለሁ። መመሪያዎን ግን በእኔ ሕግ ለመጻፍ ሞከርኩ፤ «ሌሎቹን ድሮዊንጎች ኮሪደሩን ያጋሯቸው» ሆነ። ሁለት «ን» ተገፋፍተው ማን ምን እንደተጋራ ጠፋኝ። «ኮሪደሩን ለሌሎቹ ድሮዊንጎች ያጋሩ» ብለው ይጻፉ። ለሰው ሲሆን ግን፣ እባክዎ፣ «አጋራኋቸው»።